የጫኖ ሙዝና የሐይቅ ዳሯ ከተማ

ምጽዋ ለባሕር ዳር ዕረፍት ትፈለግ የነበረበት ዘመን ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ መንግሥት ስትሆን አልፏል፤ ለኢትዮጵያ የቀሯት ሐይቆቿ ናቸው። ከነዚህም መካከል አባያና ጫሞን የተጎራበተችው አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በሶዶ በኩል የሚወርድ መንገደኛ ከከተማዪቱ አስቀድሞ የሚያገኘው የጫኖን የሙዝና የማንጎ እርሻ ነው። ነጋዴ ይህን አገር ሊረዳ ቢፈልግ፥ ከሆቴሉ በረንዳ ይልቅ ከዚህ መንደር ቢጀምር ይሻለዋል።

የጋሞ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በብዛት የሰፈረው በደጋው ነበር፤ ቆላው ለም ቢሆንም ወባ አለበትና። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማም ብርዳማዋ ጨንቻ ነበረች። በዐድዋ ዓመት፥ በ1888 ዓ.ም.፥ ቦቴጎ የተባለ ኢጣሊያዊ አሳሽ አባያን በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎት ነበር፤ ስሙ ግን ከካርታ አልፎ ገበያ አልወጣም። መንግሥት መቀመጫውን በ1950ዎቹ ዓ.ም. ወደ አርባ ምንጭ ሲያወርድ ንግዱም ተከትሎ ወረደ። ሐይቆቹን ቁልቁል የምታየው ሴቻ የመሥሪያ ቤትና የእንግዳ፥ በታች ያለችው ሲቀላ የገበያ ስፍራ ሆኑ። በ1966 ዓ.ም. የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋም የሜዳ አህያና የአዞ ተመልካች ተጨመረ።

የጫኖ ሙዝ ሁለት ገበያ አለው። ለአዲስ አበባ የሚጫነው፥ በስሎ ቢጓዝ ስለሚቀጠቀጥ፥ ጥሬውን ይቆረጣል፤ እዚያም በተዘጋ ቤት፥ ብዙ ጊዜ በላምባ ምድጃ ጢስ፥ እንዲበስል ይደረጋል። ችግሩ ያለው ከመቆረጡ በኋላ ነው። በቆሎ ሻጭ ዋጋ እስኪወጣ በጎተራ ሊያቆይ ይችላል፤ ሙዝ ሻጭ አይችልም። የጭነት መኪናው ቢዘገይ ወይም ደላላው ዋጋ ቢሰብር፥ ኪሳራው የገበሬው ነው። ስለዚህ ብልህ ገበሬ ዋጋ ሳይቆርጥ ሙዝ አይቆርጥም። ሁለተኛው ገበያ በመንገድ ዳር ለመንገደኛ የሚሸጠው የበሰለው ሙዝ ነው፤ መጠኑ ጥቂት ቢሆንም ገንዘቡ ወዲያው እጅ ይገባል።

የመንገድ ዳሩ ንግድ የሚደራው በበዓል ሰሞን ነው፤ ይልቁንም በመስቀል። በሽሮ ሜዳና በሌላውም ስፍራ ሲሸምኑ የከረሙ የዶርዜና የሌላው ጋሞ ልጆች ያጠራቀሙትን ይዘው ወደ ተራራቸው የሚመለሱት ያን ጊዜ ነው። ለአካባቢው ባለሱቅ ከውጭ አገር ጎብኚ ይልቅ እነዚህ የታመኑ ደንበኞች ናቸው፤ ጎብኚ በወሬ ይቀራል፥ የመስቀል እንግዳ ግን አይቀርም።

ሙዝ ውሃ ወዳድ ነው። ጫኖን የሚያጠጣው የሀሬ ወንዝ ከደጋው ወርዶ አባያ ይገባል። በበጋ ወንዙ ሲያንስ፥ ከላይ ያለው ገበሬ ውሃውን ወደ ማሳው ሲመልስ ከታች ያለው ቦይ ይደርቃል፤ በክረምት ደግሞ ከተራቆተው ተራራ የታጠበው አፈር ከጎርፉ ጋር ሐይቁ ድረስ ይዘልቃል። በሴቻ አፋፍ ቆሞ አባያ ስለምን ቀላ ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ፥ የሚያየው በውሃው ላይ የተንሳፈፈውን አፈር ነው።