የስድሳው ካርቦን ባለቤቶች

ንጹሕ ካርቦን በሁለት መልኮች፣ ማለትም በአልማዝና በግራፋይት፣ ይገኛል ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1985 ግን ስድሳ የካርቦን አቶሞች ተያይዘው እንደ እግር ኳስ የተድቦለቦለ ሞለኪውል እንደሚሠሩ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ኔቸር በተሰኘው መጽሔት ላይ ወጣ። ሞለኪውሉ ሲ-60፣ በሙሉ ስሙም ባክሚንስተርፉለሪን ይባላል። በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኘው የግኝቱ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ስሞች ይጠቃለላል፤ ሮበርት ከርል፣ ሃሮልድ ክሮቶና ሪቻርድ ስሞሊ። ሦስቱ ምሁራን የ1996ን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል፤ ሽልማቱ ይገባቸው እንደነበርም አያጠራጥርም። ሆኖም ግኝቱ የተከናወነባቸውን ጥቂት ቀናት በዝርዝር ለሚመለከት ሰው ከሦስቱ ስሞች ጀርባ ሌሎች ብዙ እጆች ይታዩታል። በዚህ ጽሑፍ የምንዳስሰው እነዚህን እጆች ነው፤ ማን ምን ሠራ፣ ያ ሥራ ባይኖርስ ኖሮ ምን ይጎድል ነበር የሚለውን።

የፊዚክስ መምህር በኬሚስቶች ጉዳይ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው፤ ግኝቱን ያስገኘው መሣሪያ ከላይ እስከ ታች ፊዚክስ ነው። የምርምር ቡድን ጣጣም ቢሆን በሁሉም የሳይንስ ዘርፍ አንድ ነው።

እንግዲህ ከመሣሪያው እንጀምር። ቦታው በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ በሂዩስተን ከተማ የሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በስሞሊ ቤተ ሙከራ ውስጥ የነበረው ትልቅ መሣሪያ በአጭሩ ኤፒ-ቱ ተብሎ ይጠራ ነበር። አረንጓዴ የሌዘር ብርሃን በሚሽከረከር የግራፋይት ዝርግ ላይ ለቅጽበት ሲያርፍ ካርቦኑን ወደ እንፋሎትነት ይለውጠዋል። በዚያው ቅጽበት የሂሊየም ጋዝ በአጭር ምት ይለቀቃል። ሂሊየሙ ትኩሱን እንፋሎት እያቀዘቀዘ ይዞት ሲነጉድ የካርቦን አቶሞቹ እየተጋጩ ይያያዛሉ፤ ዘለላ ዘለላም ይሠራሉ። ጋዙና ዘለላዎቹ በጠባብ ቀዳዳ አልፈው ወደ ቫኪዩም ሲፈነጠቁ እጅግ ይቀዘቅዛሉ፤ መያያዙም በዚያው ያበቃል። ከዚያም ሁለተኛ ሌዘር ከዘለላዎቹ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ በኤሌክትሪክ መስክ ተገፍተው መቀበያው ድረስ ለመድረስ የፈጀባቸው ጊዜም ይለካል። ሁሉም እኩል ጉልበት ስለሚያገኙ ከባዱ ይዘገያል፤ ጊዜው ከመጠነ ቁሱ ዳግም ዘር ጋር ይመጣጠናል። ባለ 60 አቶሙ ዘለላ በአቶም መለኪያ 720፣ ባለ 70ው ደግሞ 840 ይመዝናሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በ8 በመቶ ገደማ ዘግይቶ ይደርሳል። ዘለላዎቹን አንድ በአንድ ለይቶ ለመቁጠር ያስቻለችው ይህች ልዩነት ናት።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ከሱቅ ተገዝቶ የሚመጣ አልነበረም። ጠጣር ነገርን በሌዘር አትንኖ ዘለላ የመሥራትን ዘዴ በ1981 በጽሑፍ ያስተዋወቁት ዲየትዝ፣ ደንከን፣ ፓወርስና ስሞሊ ናቸው፤ የቡድኑ መሪ የስሞሊ ስም በጽሑፉ ላይ መጨረሻ ይገኛል። የ1985ቱ ተማሪዎች የገቡት ቀደምቶቻቸው ባቀኑት ቤት ነው። እነዚህም ተማሪዎች ጄምስ ሂዝ፣ ሾን ኦብራየንና ዩዋን ሊዩ ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ ተማሪዎቹንም እንደ ፕሮፌሰሮቹ አንቱ ብለናቸዋል፤ አማርኛችን ይህን ዕድል ሰጥቶናልና።

ጥያቄው የመጣው ግን ከባሕር ማዶ ነው። ክሮቶ በእንግሊዝ አገር በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። በ1970ዎቹ እርሳቸውና ባልደረባቸው ዴቪድ ዋልተን ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶችን ያጠኑ ነበር። ተማሪያቸው አንቶኒ አሌክሳንደር አምስት ካርቦን ያለውን ሰንሰለት በቤተ ሙከራ ሠርተው የሬዲዮ ሞገድ ስፔክትሩን ለኩ። ያ ልኬት በእጅ በመገኘቱ በካናዳ ያሉ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ከክሮቶ ጋር ሆነው ሞለኪውሉን በ1975 በከዋክብት መካከል ባለ የጋዝ ደመና ውስጥ አገኙት። እንዲህ ያሉ ሰንሰለቶች በካርቦን የበለጸጉ ከዋክብት ዙሪያ ይፈጠሩ ይሆን? ክሮቶን ለዓመታት ያሳሰባቸው ጥያቄ ይህ ነበር። በ1984 ወደ ራይስ በመጡ ጊዜ የቀድሞ ወዳጃቸው ከርል የስሞሊን መሣሪያ እንዲያዩ አደረጓቸው። የከርል ድርሻ በታሪኩ ውስጥ ጸጥ ያለ ነው፤ ሁለት ሰዎችን አገናኝቶ ዞር ማለት ስለሆነ ለመጻፍም አይመችም። ያለ እርሳቸው ግን ጥያቄው በሰሴክስ፣ መሣሪያው በሂዩስተን ተራርቀው በቀሩ ነበር።

የራይስ ቡድን በጊዜው ያተኮረው በሌሎች ነገሮች ላይ፣ በተለይም ለኤሌክትሮኒክስ በሚያገለግሉ እንደ ሲሊኮን ባሉ ቁሶች ላይ ስለነበር የክሮቶ የካርቦን ሙከራ ከአንድ ዓመት በላይ ተራውን ጠበቀ። በመጨረሻ በነሐሴ መጨረሻ 1985 ክሮቶ ሂዩስተን ደረሱ፤ ሥራው በሴፕቴምበር መጀመሪያ ተጀመረ። ተማሪዎቹ የራሳቸውን የመመረቂያ ሥራ ገታ አድርገው ለእንግዳው ጥያቄ መሣሪያቸውን አስረከቡ። ምርምር ላይ የቆየ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቃል።

የተጠበቁት ሰንሰለቶች ተገኙ። ከእነርሱ ጋር ግን ያልተጠበቀ ነገር ታየ፤ በ60 አቶሞች ላይ ያለው ምልክት ከጎረቤቶቹ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ወጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በ1984 በኤክሶን ኩባንያ የሚሠሩ ሦስት ተመራማሪዎች በተመሳሳይ መሣሪያ ተመሳሳይ ሙከራ አድርገው ነበር፤ ባሳተሙት ግራፍም የ60ው ምልክት ከአጠገቡ ካሉት ከፍ ብሎ ይታያል። እነርሱ ትልልቆቹ ዘለላዎች ሁሉ ጥንድ ቁጥር መሆናቸው ስቧቸው 60ን ለብቻው ሳይመረምሩት አለፉ። በራይስ ግን ምልክቱን አንዴ አይቶ ማለፍ አልተቻለም፤ ምክንያቱም በየዕለቱ መሣሪያው አጠገብ የሚውሉት ተማሪዎች ሁኔታው በተለወጠ ቁጥር ምልክቱ ሲያድግና ሲያንስ ይመለከቱ ነበር።

በሴፕቴምበር 7 እና 8፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ሂዝና ኦብራየን ምልክቱ የሚጎላበትን ሁኔታ ለመፈለግ ሠሩ። የሂሊየሙን ግፊት መጨመር፣ የሌዘሩንና የጋዙን ምት ማጣጣም፣ ዘለላዎቹ ወደ ቫኪዩም ከመፈንጠቃቸው በፊት እርስ በርስ የሚጋጩበትን ጊዜ ማራዘም፤ ሥራው ይህ ነበር። ከውጭ ለሚያየው ቁልፍ ማዞር ይመስላል። ከውስጥ ግን የግኝቱ ልብ እዚህ ነው ብለን እናምናለን። ጊዜው ሲረዝም ነጻ ጠርዝ ያላቸው ዘለላዎች ከመጣው ካርቦን ጋር እየተያያዙ ከመጠን ያልፋሉ፤ 60ው ግን እንዳለ ይቀራል። በመጨረሻ ከትልልቆቹ ዘለላዎች መካከል ከግማሽ በላዩን የያዘው እርሱ ሆነ። ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ አንድ ነው፤ ይህ ሞለኪውል ጠርዝ የለውም፣ ሌላ አቶም የሚይዝበት እጅም አልተረፈውም፣ ስለዚህ በራሱ ላይ የተዘጋ ነው። ያ የሁለት ቀን ልፋት ባይኖር ኖሮ ስለ ቅርጹ የሚያወራ ሰው ባልተገኘ ነበር።

ቅርጹን ለማግኘት ሁሉም በየፊናው ደከመ። ክሮቶ በ1967 በሞንትሪያል ኤግዚቢሽን ያዩትን የአርክቴክቱን የባክሚንስተር ፉለርን ክብ ጣሪያና ለልጆቻቸው በካርቶን የሠሩትን የከዋክብት ሉል ያነሡ ነበር። ሂዝ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ከረሜላ በስቴኪኒ እየሰኩ ሞከሩ። ስሞሊ በሴፕቴምበር 9 ሌሊት ወረቀት፣ መቀስና ፕላስተር ይዘው ተቀመጡ። ጎነ ስድስቶችን ብቻ ቢያያይዙ አልዘጋ አላቸው፤ ነገሩ ቀላል ጂኦሜትሪ ነው። ሦስት ጎነ ስድስቶች አንድ ነጥብ ላይ ሲገናኙ ማዕዘኖቻቸው ተደምረው ልክ 360 ዲግሪ ስለሚሆኑ እንደ ንጣፍ ዝርግ ሆነው ይቀራሉ። ከሦስቱ አንዱ ጎነ አምስት ሲሆን ግን ድምሩ 348 ይሆናል፤ ወረቀቱም ይጎብጣል። አሥራ ሁለት ጎነ አምስትና ሃያ ጎነ ስድስት ሲሰፉ ስድሳ ማዕዘን፣ ዘጠና ጠርዝና ሠላሳ ሁለት ገጽ ያለው ኳስ ይወጣል። 60 ሲቀነስ 90 ሲደመር 32 ሁለት ነው፤ የኦይለር ቀመር ይዟል ማለት ነው። በማግሥቱ ኳሱ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሁሉም ሲደሰት፣ ከርል የኬሚስትሪውን ሕግ አስታወሱ፤ እያንዳንዱ ካርቦን አራት ትስስር ካላገኘ ቅርጹ ማማሩ ብቻ አይበቃም አሉ። ከክሮቶ ጋርም በወረቀቱ ላይ ጥምር ትስስሮቹን እያመላከቱ ቆጠሩና ሞላ። ስለ ቅርጹ የተጠየቁት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ዊልያም ቪችም ነገሩ የእግር ኳስ መሆኑን አስታወቁ። በየሰፈሩ ልጆች የሚራገጡት ነገር መሆኑን ለማወቅ ይህ ሁሉ ሊቅ ማስፈለጉ ፈገግ ያሰኛል።

ወደ ስሞቹ እንመለስ። በኖቬምበር 14 ቀን 1985 በታተመው ጽሑፍ ላይ አምስት ስሞች አሉ፤ ክሮቶ፣ ሂዝ፣ ኦብራየን፣ ከርልና ስሞሊ። ሊዩ፣ ሌላ የቡድኑ አባል ዣንግና የሌዘር ባለሙያው ፕሮፌሰር ፍራንክ ቲተል የተጠቀሱት በምስጋናው ላይ ነው። በዚያው ዓመት በታተመውና ላንታነም የተባለው ብረት በኳሱ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል በሚያሳየው ሁለተኛ ጽሑፍ ግን ስምንቱም በደራሲነት ሰፍረዋል፤ ቀዳሚውም ሂዝ ናቸው። የኖቤል ሽልማት በአንድ ዘርፍ ከሦስት ሰው በላይ አይሰጥም፤ በዚህ ደንብ ምክንያት ስምንቱ ሦስት ሆኑ። ከግኝቱ በኋላ ክሮቶና ስሞሊ ቅርጹን ማን ቀድሞ አሰበ በሚለው ላይ የተለያየ ትረካ ሰጥተው ተቃቅረዋል። እኛ እንደሚመስለን ጥያቄው ራሱ መልስ የሚገኝለት አይደለም። ስድስት ሰዎች ለቀናት አብረው እየበሉ፣ እየተጨቃጨቁና ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣሉ የከረሙበትን ሐሳብ በኋላ ለአንድ ሰው ቆርሶ መስጠት ይከብዳል።

በአገራችን ስለ ኅብረት ሲነሣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ለምርምር ቡድን ግን ይህ አባባል በከፊል ብቻ ይሠራል። ሃምሳው ሎሚ አንድ ዓይነት ስለሆነ ማንም የማንንም ሎሚ ሊሸከም ይችላል። ኤፒ-ቱ ዘንድ ግን ክሮቶ የሂዝን ሥራ መሥራት አይችሉም ነበር፤ ሂዝም የከርልን። ስለዚህ በእኛ ቤተ ሙከራዎች ሰው ሲቆጠር በቁጥርና በማዕረግ ብቻ መሆኑ አይዋጥልንም። የመመረቂያ ጽሑፎቻችንን የምስጋና ገጽ የሚያገላብጥ አንባቢ ፈጣሪን፣ ወላጆችን፣ አማካሪውንና ጓደኞችን በቅደም ተከተል ያገኛል። የቫኪዩም ፓምፑን ድምፅ ሰምተው ዘይቱ ማለቁን የሚያውቁት ቴክኒሻን፣ ጋዝ ሲጠፋ ሲሊንደር ፈልገው የሚያመጡት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ ብርጭቆውን አጥበው የሚያደርቁት እናት ከተጠቀሱም መጨረሻ ላይ በጅምላ ነው። ውጭ አገር በተማርንበት ቤተ ሙከራ አንድ አዛውንት ቴክኒሻን ዕረፍት የወጡ ሳምንት ሥራው ሁሉ ይቆም ነበር፤ በዚያ ሳምንት ከፕሮፌሰሩ መኖር ይልቅ የእርሳቸው አለመኖር ይሰማን ነበር።

እንዲህ ያለውን ሰው በጽሑፍ ማስፈር ይቻላል፤ ማስረጃውም እዚያው የስድሳው ካርቦን ታሪክ ውስጥ አለ። ከ1985 እስከ 1990 ድረስ ሲ-60ን በእጅ የሚያዝ መጠን አድርጎ ለማምረት የቻለ አልነበረም። በ1990 ክሬችመርና ሃፍማን፣ ከተማሪዎቻቸው ከፎስቲሮፑሎስና ከላም ጋር፣ ግራፋይትን በሂሊየም ውስጥ በኤሌክትሪክ አትነው ከጥላሸቱ ሞለኪውሉን አወጡ። በተመሳሳይ ወቅት በሰሴክስ የክሮቶ ተማሪ ጆናታን ሄር ከጥላሸት ቀይ ፈሳሽ አግኝተው ነበር። አላ አብዱል-ሳዳ በማስ ስፔክትሮሜትራቸው መርምረው 720ን አገኙ። ሮጀር ቴይለር ደግሞ ፈሳሹን በአሉሚና ዓምድ አሳልፈው ሲ-60ን ከሲ-70 ለዩ። የተለየው ሲ-60 በኤንኤምአር ሲታይ አንድ መስመር ብቻ ሰጠ፤ ስድሳዎቹ አቶሞች ሁሉ በፍጹም አንድ ዓይነት ቦታ ላይ መሆናቸው በዚህ ተረጋገጠ። ሲ-70 አምስት መስመር ሰጠ። ውጤቱን ያወጀው ጽሑፍ አራት ደራሲዎች አሉት፤ ቴይለር፣ ሄር፣ አብዱል-ሳዳና በመጨረሻ ክሮቶ።