ከአንድ ቀጥሎ ዐሥር፤ በኪስ ማጫወቻ ላይ የመዝሙር ተራ ለምን ይዛባል?



«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። በዛሬው ጽሑፌ ላቀርብላችሁ ያሰብሁት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም በኪስ ማጫወቻ ላይ የጫንናቸው መዝሙሮች በተራቸው መሰማታቸው ቀርቶ እየተዘበራረቁ የሚመጡበት ምክንያትና መፍትሔው ነው። ብዙዎቻችን ይህ ሲያጋጥመን «ዕቃው ተበላሽቷል» ብለን እንተወዋለን። እኔም እንዲሁ ብዬ በተውሁት ነበር፤ ነገር ግን በቤታችን የደረሰው ነገር ከሥሩ እንድመረምረው አስገደደኝ።

የነገሩ መነሻ

አያቴ ዓይናቸው ከደከመ ሦስት ዓመት አልፎታል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዳዊት ሳይደግሙ ውለው አያውቁም ነበርና፣ መጽሐፉን ማየት ሲያቅታቸው ትልቅ ኀዘን ሆነባቸው። እኔና ሁለት ጓደኞቼ 150ውን መዝሙር ተከፋፍለን በስልክ እየቀዳን አነበብን። ከዚያም እያንዳንዱን መዝሙር በየራሱ ፋይል አድርጌ፣ 1፣ 2፣ 3 እያልሁ እስከ 150 ሰየምሁና በአንዲት አነስተኛ የኪስ ማጫወቻ ላይ ጫንሁላቸው። ኮምፒዩተሩ ላይ ስመለከተው ከ1 እስከ 150 ተስተካክሎ ተሰልፏል። የመጀመሪያውን መዝሙር ለሙከራ አሰማኋቸው፤ መረቁኝ፤ እኔም ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለስሁ።

እንደሚታወቀው በሀገራችን ልማድ ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ይደገማል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ነው። አያቴ ይህን ተራ በልባቸው ያውቁታል።

ከሁለት ወር በኋላ ለዕረፍት ስመለስ ማጫወቻዋ በመሶቡ ላይ አቧራ ለብሳ አገኘኋት። «እማማ፣ ዳዊቱን ተዉት እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ የማውቀው መንገድ ጠፋብኝ። ይመጣል ያልሁት አይመጣም፤ ያላሰብሁት ይመጣል። ዓይኔ አንሶ ልቤም ሊከዳኝ ነው መሰለኝ» አሉኝ። ለካ ሁለት ወር ሙሉ ለማንም ሳይናገሩ ማስታወስ ያቃታቸው እየመሰላቸው ይጨነቁ ኖረዋል።

ማጫወቻዋን ወስጄ ከመጀመሪያው አዳመጥሁ። ከ1ኛው ቀጥሎ የመጣው 10ኛው ነበር። ከ10ኛው ቀጥሎ 100ኛው፣ ከዚያ 101ኛው፣ 102ኛው እያለ ቀጠለ። ቁጥሩን በወረቀት ላይ ብጽፈው 2ኛው መዝሙር የሚሰማው 63ኛ ሆኖ ነው። ሰኞ የሚሰሙት የመጀመሪያዎቹ 30 መዝሙሮች እስከ 125ኛው ይደርሳሉ፤ ከእነርሱም መካከል በእውነት የሰኞ ድርሻ የሆኑት አራት ብቻ ናቸው፤ 1ኛው፣ 10ኛው፣ 11ኛውና 12ኛው። አያቴ አልሳቱም ነበር። የሳትሁት እኔ ነበርሁ።

ተራው የት ነው ያለው?

በቀድሞው ዘመን ይህ ችግር አልነበረም። ፊሊፕስ በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቴፕ ካሴት ላይ መዝሙሮቹ በአንድ ክር ላይ ተከታትለው ይቀዳሉ። ከ3ኛው በፊት 2ኛውን ማለፍ ግድ ነው። ተራው ያለው በራሱ በክሩ ላይ ነው።

በኤም ፒ ስሪ ዘመን ግን እያንዳንዱ መዝሙር ለብቻው የቆመ ፋይል ሆነ። በድምፁ ውስጥ «እኔ ከእገሌ በኋላ ነኝ» የሚል ነገር የለም። እንግዲህ ማጫወቻው ተራውን ከሌላ ቦታ መፈለግ አለበት ማለት ነው። የሚፈልገውም ከሦስት ቦታ በአንዱ ነው፤ ከፋይሉ ስም፣ ከተገለበጠበት ተራ፣ ወይም በፋይሉ ውስጥ ከተጻፈው መለያ። የእኛ ማጫወቻ ከየትኛው እንደሚፈልግ ሳናውቅ ብናስተካክል ድካማችን ከንቱ ይሆናል።

አንደኛ፤ የፋይሉ ስም

ብዙ ማጫወቻዎች ስሙን እንደ መዝገበ ቃላት ከግራ ጀምረው ፊደል በፊደል ያወዳድራሉ። በክፍል ስም መጥሪያ ላይ «ሀብታሙ» ከ«ለማ» የሚቀድመው «ሀ» ከ«ለ» ስለሚቀድም ነው፤ የስሙ ርዝመት አይታይም። እንዲሁም «10» እና «2» ሲወዳደሩ ማጫወቻው የሚያየው የመጀመሪያውን ምልክት ነው። «1» ከ«2» ይቀድማል፤ ስለዚህ 10 ከ2 በፊት ይሄዳል። 100ም፣ 150ም እንዲሁ።

ታዲያ ኮምፒዩተሩ ላይ ለምን ተስተካክሎ ታየኝ? ዊንዶውስ ኤክስፒ ከወጣበት ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዊንዶውስ የፋይል መስኮት ውስጥ ያለ ቁጥር እንደ ፊደል ሳይሆን እንደ ቁጥር ይቆጠራል። ስለዚህ በኮምፒዩተር የታየው ሰልፍ በማጫወቻው ላይ ለሚሆነው ምስክር አይሆንም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቁጥሮቹን ሁሉ እኩል አኀዝ ማድረግ ነው። እስከ 99 ከሆነ 01፣ 02፣ 03፤ እንደ ዳዊት 150 ከሆነ 001፣ 002፣ 003 ተብሎ ይጻፍ።

ሁለተኛ፤ የተገለበጠበት ተራ

የእኛን ካስተካከልሁ በኋላ ጎረቤታችን እትዬ ሰምተው «ለእኔም አድርግልኝ» አሉኝ። የእርሳቸው ደግሞ ሚሞሪ ካርድ የሚገባባት ትንሽ ሬዲዮ ናት። 001 ብዬ የሰየምሁትን ሁሉ ገለበጥሁላቸው። 87ኛው እንደ ቀረ ባየሁ ጊዜ እርሱን ለብቻው ጨመርሁ። በሬዲዮኗ ላይ ሲሰማ ግን 87ኛው ከ150ኛው በኋላ መጣ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ካርዱ ፋይሎቹን የሚመዘግብበት ፋት የሚባል ሥርዓት አለው። በዚያ መዝገብ ላይ ስሞቹ የሚሰፍሩት በፊደል ተራ ሳይሆን በተጻፉበት ተራ ነው። ርካሽ የሆኑ ብዙ ማጫወቻዎች ስም ማወዳደሩን ትተው መዝገቡን ከላይ ወደ ታች ያነባሉ። ዘግይቶ የመጣ ፋይል መጨረሻ ላይ ይሰፍራል። ቀደም ብሎ የተሰረዘ ፋይል የተወው ክፍት ቦታ ካለ ግን ዐዲሱ እዚያ ይገባና መሐል ላይ ይገኛል።

እዚህ ላይ ስም መቀየር ምንም አይረዳም። የሚረዳው ፎልደሩን ከካርዱ ላይ በሙሉ አጥፍቶ፣ ዐዲስ ፎልደር ከፍቶ፣ ፋይሎቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራቸው እንደገና መገልበጥ ነው። ኮምፒዩተሩ ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ ሲገለብጥ ተራውን ሊያዛባው ስለሚችል፣ ጥቂት ጥቂቱን መገልበጥ ይሻላል። የሊኑክስ ተጠቃሚ የሆነ ደግሞ ፋትሶርት በሚባል ፕሮግራም መዝገቡን በስም ተራ ማስተካከል ይችላል።

ሦስተኛ፤ በፋይሉ ውስጥ የተጻፈው መለያ

በኤም ፒ ስሪ ፋይል ውስጥ ከድምፁ ሌላ የመዝሙሩ ርእስ፣ የዘማሪው ስም፣ የአልበሙ ስምና የተራ ቁጥሩ የሚጻፍበት መለያ አለ፤ አይ ዲ ስሪ ይባላል። በ1996 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የመጀመሪያው ዐይነት በፋይሉ መጨረሻ ላይ የምትቀመጥ 128 ባይት ብቻ ነበረች፤ ለርእሱ 30 ባይት ተመድቦለት ለተራ ቁጥር ግን ቦታ አልነበረውም። የተራ ቁጥር ቦታ ቆይቶ ነው የተጨመረው።

ዋጋቸው ከፍ ያሉ ማጫወቻዎችና በስልክ ላይ ያሉ የሙዚቃ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ የፋይሉን ስም ትተው ይህን መለያ ያያሉ። የተራ ቁጥሩ ባዶ ከሆነ በርእሱ ፊደል ይሰለፋል። የአልበሙ ስም በአንዱ ላይ «መዝሙረ ዳዊት»፣ በሌላው ላይ «ዳዊት» ተብሎ ከተጻፈ ማጫወቻው ሁለት አልበም አድርጎ ይከፍለዋል። ስለዚህ በኮምፒዩተር መለያውን ከፍቶ የአልበሙን ስም በሁሉም ላይ አንድ ዐይነት መጻፍና የተራ ቁጥሩን መሙላት ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን «ማደባለቂያው» ተከፍቶ እንደ ሆነ ማየት ይገባል። እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ሁለት ቀስቶች ያሉበት ምልክት ከበራ፣ ማጫወቻው ሆን ብሎ እያደባለቀ ነው። ብዙ ጊዜ በኪስ ውስጥ ሳይታወቅ ይነካል።

የፊደላችንና የቁጥራችን ነገር

በሁለተኛው ሙከራዬ የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁ። ለአያቴ ይቀልላቸው ብዬ በየቀኑ ስም ስድስት ፎልደር ከፈትሁ። ማጫወቻው ግን ሳምንቱን ከሐሙስ ጀመረው፤ ሐሙስ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሰኞ፣ ቅዳሜ፣ ዓርብ። በፊደል ተራ «ሐ» ከ«መ»፣ «መ» ከ«ረ»፣ «ረ» ከ«ሰ» ይቀድማልና ትክክል ነው። ከዚህም ሌላ አንዱ «ሰላም» ሌላው «ሠላም» ብሎ ከጻፈ፣ «ሠ» ከ«ረ» በፊት «ሰ» ግን ከ«ረ» በኋላ ስለሆነ፣ አንዱ ቃል በሁለት ቦታ ይገኛል። ስለዚህ ከስሙ በፊት ቁጥር ይቅደም፤ 1 ሰኞ፣ 2 ማክሰኞ እየተባለ።

በዚሁ ፍለጋዬ ደስ ያሰኘኝን ነገርም አገኘሁ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደል ሠንጠረዥ ሲገባ፣ የግዕዝ ቁጥሮችም ከ፩ እስከ ፼ በተራቸው ገብተዋል። በግዕዝ አቈጣጠር ዐሥር የራሱ ምልክት አለው፤ ፲ በ፩ አይጀምርም። ሃያም ፳፣ መቶም ፻ ነው። ስለዚህ በሠንጠረዡ ተራ የሚያወዳድር መሣሪያ ፊደል በፊደል ሲሄድ እንኳ ፱፣ ፲፣ ፲፩ እያለ፣ ፺፱፣ ፻፣ ፻፩ እያለ፣ ያለ ምንም ዜሮ እስከ ፻፺፱ ሳይሳሳት ይሰልፋል። መደናገሩ የሚጀምረው ፪፻ ላይ ነው፤ በ፪ ይጀምራልና። ዳዊት ግን ፻፶ ስለሆነ በሙሉ በሰላም ያልፋል። ይሁን እንጂ የግዕዝ ፊደል የማያውቁ ማጫወቻዎች በቁጥሩ ፈንታ ባዶ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ስለሚያሳዩ፣ አስቀድሞ በሁለትና በሦስት ፋይል መሞከር ያሻል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለሌላ ሰው የምናዘጋጅ ከሆነ ይህን እንከተል። አንደኛ፣ ማደባለቂያውን እናጥፋ። ሁለተኛ፣ በእኩል አኀዝ እንሰይም። ሦስተኛ፣ መለያውን እንሙላ። አራተኛ፣ በባዶ ፎልደር ላይ በተራ እንገልብጥ። አምስተኛ፣ ዓይናቸው ለማያይ ሰዎች በእያንዳንዱ ቅጂ መጀመሪያ ላይ ቁጥሩን በድምፅ እንናገር፤ ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ አያቴ በመጀመሪያው ቀን «ልጁ አዛብቶታል» ባሉ ነበር። ስድስተኛ፣ ሰውየው በሚይዘው በዚያው ማጫወቻ ላይ፣ በኮምፒዩተር ላይ ሳይሆን፣ ቢያንስ ከ1 ወደ 2፣ ከ9 ወደ 10፣ ከ99 ወደ 100 ሲያልፍ ሰምተን እናስረክብ። እኔ ያሰማኋቸው 1ኛውን ብቻ ነበር፤ በአንድ መዝሙር ተራ አይታወቅም።

አስተካክዬ በጨረስሁበት ሰኞ ጠዋት አያቴ ከ1ኛው ጀምረው እስከ 30ኛው ድረስ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተከተሉት። ሲያበቃ «እንግዲያስ የሳትሁት እኔ አይደለሁም» አሉ። «የለም እማማ፣ እኔ ነኝ» አልኋቸው። ይቅርታም ጠየቅኋቸው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ በየቤታችን ዐዲስ መሣሪያ የምንሰጣቸው አረጋውያን አሉ። መሣሪያው ሲያስቸግራቸው ብዙ ጊዜ የሚያሙት ራሳቸውን ነው፤ እኛም «እርጅና ነው» ብለን እንቀበላቸዋለን። ከዚያ በፊት ማጫወቻውን ተቀብለን ከመጀመሪያው እናዳምጥ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ያለው ማጫወቻ ተራውን የሚፈልገው ከስሙ፣ ከተገለበጠበት ተራ ወይስ ከመለያው ነው? በሦስት ፋይል ሞክራችሁ እንዴት ታውቃላችሁ?
2. 24 መዝሙሮች ያሉበት ስብስብ 1፣ 2፣ 3 እየተባለ ቢሰየም፣ በፊደል ተራ በሚሄድ ማጫወቻ ላይ 2ኛው መዝሙር ስንተኛ ሆኖ ይሰማል?
3. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ፣ የመሣሪያውን ጥፋት የራሱ ድካም አድርጎ ዝም ያለ ሰው ይኖር ይሆን? እንዴት ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ?