ስለ ጤና መድንና በቤት ስለሚደረግ ምርመራ

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። አሠራሩ እንደ ዕድር ነው፤ ጤነኛው ያዋጣል፣ የታመመው ይረዳበታል። ነገር ግን የእንጅባራና የዳንግላ ነዋሪ ይህን ልብ ይበል፤ መድኑ የሚከፍለው ውል ለገባው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ነው። ስለዚህ የስኳር መመርመሪያ ከመድኃኒት ቤት የገዛ አባል በደረሰኙ ገንዘቡ ይመለስልኛል ብሎ መተማመን አይገባውም። ያው ምርመራ በጤና ጣቢያ ሲታዘዝለት ግን በመድኑ ይሸፈንለታል።

የቤት ምርመራ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ የስኳር ሕመምተኛ ራሱን ይጠብቅበታል። ሆኖም ውጤቱ ደኅና ነህ እያለ ሕመሙ ቢጸና፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። መምህራንም ለተማሪዎቻቸው ወላጆች የመድን መታወቂያቸውን በጊዜው እንዲያሳድሱ ያስረዱ፤ ያልታደሰ መታወቂያ በሕመም ቀን አይረዳምና።