የካሊፎርኒያ የስቴት ሥራ፦ ከፈተናው እስከ ቅጥር ደብዳቤው

ካሊፎርኒያ ውስጥ “የስቴት ሥራ አመልክቼ መልስ አጣሁ” የሚል ወገን ብዙ ነው። ጠጋ ብለው ሲጠይቁት፣ ወይ ፈተናውን ሳይወስድ አመልክቷል፤ ወይ ፈተናውን አልፎ “ይደውሉልኛል” ብሎ ተቀምጧል። ፈተናውን ማለፍና ሥራ መያዝ ግን ለየቅል ናቸው። በስቴቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 7 መሠረት ቋሚ ቅጥርም ሆነ ዕድገት በውድድር ፈተና በተረጋገጠ ብቃት መሆን አለበት። ፈተናው የሚያስገኘው ስምን የብቁዎች ዝርዝር ላይ ማስፈር ነው፤ ቀሪው ሥራ የአመልካቹ ነው።

መጀመሪያ የሥራ መደብዎን ይምረጡ። “ካልካሪርስ” በተባለው የስቴቱ የቅጥር ድረ ገጽ መዝገብ ይክፈቱና ክፍት ቦታ ከመፈለግዎ በፊት የፈተና ማስታወቂያዎችን ያንብቡ። ለጽሕፈት ሥራ “ኦፊስ ቴክኒሺያን”፣ ዲግሪ ላላቸው ጀማሪዎች ደግሞ “ስታፍ ሰርቪስስ አናሊስት” የተለመዱ መግቢያዎች ናቸው። ማስታወቂያው ላይ ዝቅተኛ የትምህርትና የልምድ መስፈርት ተጽፏል። ዲግሪዎን ያገኙት ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ የአቻነት ግምገማ ያስፈልገዋል፤ ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬውኑ ይጀምሩት። ለአብዛኞቹ መደቦች የሥራ ፈቃድ ይበቃል እንጂ ዜግነት አይጠየቅም።

ቀጥሎ ፈተናው ነው። ብዙዎቹ ፈተናዎች ቤት ተቀምጠው በኢንተርኔት የሚሠሩ ሲሆኑ ውጤቱም ወዲያው ይታወቃል። ሒሳብና ሰዋስው ሲያጠኑ የከረሙ ሰዎች ጥያቄውን ሲያዩ ግር ይላቸዋል፤ ምክንያቱም አብዛኛው የሚጠይቀው ስለ ራስ ነው፦ ሪፖርት የማዘጋጀት፣ መረጃ የመተንተን፣ ደንበኛ የማስተናገድ ልምድዎ ምን ያህል ነው? ከፊት ለፊቱ ምርጫዎች ተደርድረዋል። ራስን ማወደስ ነውር ነው ብለን ያደግን ሰዎች ነጥብ የምንጥለው እዚህ ላይ ነው። አምስት ዓመት የሠራውን ሰውዬ “ትንሽ ልምድ አለኝ” የሚያሰኘው ይሉኝታ፣ ኮምፒዩተሩ ዘንድ ዝቅተኛ ነጥብ ሆኖ ይመዘገባል። የሠሩትን ሁሉ ሳያሳንሱ ይሙሉ። ያልሠሩትን ግን አይጨምሩ፤ መልስዎ በኋላ ከማመልከቻዎ ጋር ይመሳከራል፣ ሐሰት ከተገኘበትም ከዝርዝሩ ያሰርዛል።

ማለፊያው 70 ነው፤ ዋናው ነገር ግን ደረጃው ነው። በተለመደው አሠራር 95ና ከዚያ በላይ አንደኛ፣ 90 ሁለተኛ፣ 85 ሦስተኛ እያለ እስከ 70 ስድስት ደረጃ ይወርዳል። መሥሪያ ቤቶች ባብዛኛው መቅጠር የሚችሉት ሰው ካለባቸው የላይኛዎቹ ሦስት ደረጃዎች ብቻ ነው። በሦስቱ ውስጥ ያለ ሁሉ እኩል ይታያል፤ ባለ 85ቱ ባለ 95ቱን ሊቀድም ይችላል። ከላይ ያሉት ቦታውን እንደማይፈልጉት ሲረጋገጥ ዕድሉ ወደ ታች ይወርዳልና 80 ያገኘ ሰው ተስፋ አይቁረጥ። በውትድርና ያገለገለ ሰው ለውጭ አመልካቾች ክፍት የሆነን ፈተና ካለፈ አንደኛ ደረጃ ላይ ይቀመጣል። አካል ጉዳተኞች ደግሞ “ሊፕ” የሚባል ሌላ መንገድ አላቸው።

ስምዎ ዝርዝሩ ላይ የሚቆየው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለ12 ወር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለእያንዳንዱ ክፍት ቦታ ለየብቻው ማመልከት ይጠበቅብዎታል። ፎርሙ “ስታንዳርድ 678” ይባላል። የሥራ ታሪክዎን ከቀን እስከ ቀን፣ በሳምንት ከሠሩት ሰዓት ጋር ይጻፉ፤ ልምድ የሚቆጠረው በሙሉ ጊዜ ሥራ ልክ ስለሆነ በሳምንት 20 ሰዓት የተሠራ ሁለት ዓመት እንደ አንድ ዓመት ይታያል። “ሲቪዬን ይመልከቱ” ብሎ ማለፍ አይሠራም።

ብዙ ማስታወቂያዎች ከፎርሙ ጋር የብቃት መግለጫ ጽሑፍ ይጠይቃሉ። አብዛኛው አመልካች የሚወድቀው በእሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ማስታወቂያው ሁለት ገጽ፣ የፊደል መጠን 12፣ ጥያቄዎቹ በተራ ቁጥር ይመለሱ ካለ፣ ልክ እንደዚያው ያድርጉ። በሦስት ገጽ የመጣ ድንቅ ጽሑፍ ሳይነበብ ሊጣል ይችላል። ለአንዱ ቦታ የጻፉትን ለሌላው መላክም አንባቢው በመጀመሪያው መስመር የሚያውቀው ስንፍና ነው።

ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ለሁሉም ተወዳዳሪ ያንኑ ጥያቄ ከወረቀት እያነበቡ መልስዎን ይጽፋሉ። ቀና ብለው ባያዩዎት አይደንግጡ፤ እየመዘገቡ ነው። ነጥብ የሚያገኘው አፍዎ የተናገረው ብቻ ስለሆነ ማመልከቻው ላይ የጻፉትንም ይድገሙት። “እኛ ሠራን” የሚለውን ልማድ ትተው “እኔ ይህን ሠራሁ” ይበሉ። ጥያቄው ካልገባዎ ይደገምልኝ ማለት አያስቀጣም።

ከዚያ የምስክሮች ማጣራት፣ ለአንዳንድ መደብ ደግሞ የጣት አሻራ ይከተላል። የመጨረሻው የቅጥር ደብዳቤ እጅዎ ሳይገባ ያለዎትን ሥራ አይልቀቁ። ከተቀጠሩም በኋላ እንደ መደቡ የስድስት ወር ወይም የአንድ ዓመት የሙከራ ጊዜ አለ።

መመዝገቡም መፈተኑም በነጻ ነው። “የስቴት ሥራ አስገባሃለሁ” ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው አንድ ዶላር እንኳ እንዳይከፍሉ።