የውሃው ዳር በምሽት የማን ነው?

ዓባይ ከጣና ተለይቶ በሚወጣበት በባሕር ዳር ጥግ፣ ለአንድ ወጣት ዓሣ አጥማጅ ፍትሐት ተደርሶ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ እናቱ ወደ እኔ ቀረቡ። ልጃቸውን የገደለው ጉማሬ ነው። ታንኳው ተጎትቶ ከአጥሩ ሥር ተጋድሟል። ወገቡ ላይ ደንገሉ ተቦጭቋል፣ ማሰሪያው ተበጥሷል፣ የደንገሉ ነጭ ውስጥ ተገልጦ ይታያል። እናትየው መዳፋቸውን እዚያ ቀዳዳ ላይ አሳርፈው፣ «የኔታ፣ ልጄ ምን በድሎ ነው?» አሉኝ።

የዚያን ቀን «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ይጽኑ» ብዬ መስቀል አሳልሜ ሄድኩ። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ የጠየቁኝን ግን አልመለሰም። ጥያቄው በሐይቁ ዳር ሁሉ የሚጠየቅ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ልነግራቸው ይገባኝ የነበረውን በዝግታ ላስተምር።

አውሬ ሰውን ሲጥል ሰዎች ቶሎ ብለው ኃጢአት ይፈልጉለታል። ይህ ዛሬ አልተጀመረም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ቅዱስ ጳውሎስ ከመርከብ መሰበር ተርፎ መላጥያ ደሴት ሲደርስ፣ ጭራሮ ሰብስቦ እሳት ላይ ሲጨምር እፉኝት እጁን ነደፈችው። የደሴቱ ሰዎች ወዲያው ነፍሰ ገዳይ መሆን አለበት ብለው ፈረዱበት። ምንም ሳይሆን ሲያዩት ደግሞ አምላክ ነው አሉ። ሁለቱም ፍርድ ስሕተት ነበር። ጌታም በሉቃስ ምዕራፍ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱትን 18 ሰዎች አንሥቶ፣ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ የከፉ በደለኞች ስለነበሩ እንዳልሞቱ ተናግሯል። በመጽሐፈ ነገሥት አንበሳ ለቅጣት የተላከባቸው ሰዎች አሉ፤ ያልታዘዘው ነቢይ አለ፣ በሰማርያ የሰፈሩት አሉ። እነዚያን እንቀበላለን፣ የነገረን መጽሐፉ ራሱ ነውና። መጽሐፍ ባልተናገረበት ሬሳ ላይ ግን ማንም ፈራጅ አልተሾመም፤ ጎረቤትም፣ ካህንም። ስለዚህ ለእናትየው የመጀመሪያው መልስ፣ ልጅዎ በጉማሬ መሞቱ ስለ ነፍሱ የሚመሰክረው አንዳች ነገር የለም የሚል ነው።

ታዲያ ይህ ፍጥረት ምንድን ነው? መጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 40 ላይ እግዚአብሔር ለተጨነቀው ኢዮብ የገዛ እጁን ሥራ ያሳየዋል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጉማሬ ተብሎ የተተረጎመው እንስሳ እንደ በሬ ሣር ይበላል፣ ከሸምበቆና ከረግረግ ሥር ይተኛል። እግዚአብሔር ያንን ፍጥረት ለኢዮብ ሲያሳየው እንደ ጠላት አላሳየውም፤ ሠራሁት አለው። በጣና ዳር ለምንኖር ይህ ሩቅ ምሳሌ አይደለም። ከደንገሉ መካከል ጆሮና አፍንጫ ብቻ ብቅ ብሎ ስናይ ያደግነው እሱን ነው።

ሣር በል መሆኑ ለትምህርታችን ትልቅ ነገር ነው። ጉማሬ ሰውን የሚገድለው ሊበላው ብሎ አይደለም። ከ1500 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል፣ አፉን እጅግ አስፍቶ የሚከፍት ፍጥረት ነው፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ የሚያጠቃው ፈርቶ ወይም ስፍራውን ሊከላከል ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም ከገነት በወጣበት ቀን የእንስሳት ሁሉ አፍ ከንግግር ተዘጋ ይላል፤ አስቀድሞ በአንድ ቋንቋ ይነጋገሩ ነበርና። ከጥፋት ውሃ በኋላ ደግሞ፣ በዘፍጥረት ምዕራፍ 9፣ የሰው ፍርሃት በአራዊት ሁሉ ላይ ሆነ። ንግግሩ ጠፍቶ ፍርሃቱ ቀረ። ግልገሏን ከጎኗ ያደረገች ጉማሬ ታንኳ ሲመጣባት «ዓሣ ፈልጌ ነው፣ አልፌ እሄዳለሁ» የሚላት የለም፤ እሷም «ከዚህ አትቅረብ» የምትልበት ቃል የላትም። ያላት ጥርሷ ነው።

ቃሉ ቢጠፋም ሥርዓት ግን ተሠርቶልናል፤ ትምህርቱን ሁሉ የምሰቅለው እዚህ ላይ ነው። መዝሙረ ዳዊት 103ን ዳዊት የሚደግም ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ መዝሙር ጨለማ ሲሆን የዱር አራዊት ይወጣሉ፣ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ዋሻቸው ይመለሳሉ፤ ያን ጊዜ ሰው ወደ ተግባሩ ወጥቶ እስኪመሽ ይሠራል። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ውዳሴ ብቻ አልፈነዋል። እኔ ግን የርስት ክፍፍል ሆኖ ይነበበኛል። ምድሪቱ አንዲት ናት፤ የተከፈለው ሰዓቱ ነው።

ጉማሬ ይህን ክፍፍል ሳያጎድል ይጠብቃል። ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል ቀኑን በውሃ ውስጥ ይውላል። ሲመሽ ወጥቶ በየምሽቱ በሚመላለስበት ዱካ ወደ ሣሩ ይሄዳል፤ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ሣር ግጦ ሊነጋ ሲል በዚያው ዱካ ይመለሳል። ዱካው ጭቃው ላይ በግልጽ ይታያል፤ መካከሉ ከፍ ብሎ ግራና ቀኙ የተረገጠ ጥልቅ ቦይ ነው። አሁን የእኛን ሥራ እንመልከት። መረብ ማታ ተጥሎ ንጋት ላይ ይነሳል። ይህ ማለት ዓሣ አጥማጁ ከምሽቱ 12 ሰዓት ግድም ጉማሬው ሲወጣ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ግድም ደግሞ ሲመለስ፣ ሁለቱንም ጊዜ በዚያው የውሃ ዳር ይገኛል ማለት ነው። ያ ወጣትም የሞተው ጎሕ ሲቀድ ነው።

ዳሩም እየጠበበ ሄዷል። ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ እርጥቡ መሬት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፤ ትናንት የጉማሬ ግጦሽ የነበረው ዛሬ ማሳ ነው። ገበሬው ማማ ላይ አድሮ ይጠብቃል፣ ወንጭፍ ይወነጭፋል፣ እሳት ያነዳል። ደንገሉ ተመንጥሯል፣ እምቦጭ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሐይቁን ዳርቻ ይዟል። ዩኔስኮ ጣናን በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራነት መዘገበው፤ ደስ ብሎናል። ሆኖም መዝገቡ ለጉማሬው ማምሻ መንገድ አልለቀቀለትም። የቀድሞዎቹ ነገደ ወይጦ ጉማሬን በጦር እያደኑ ይኖሩ ስለነበር ሰዓቱንና ዱካውን አጥርተው ያውቁ ነበር። ጎረቤት ጉማሬ በላተኛ እያለ ሲንቃቸው ያ እውቀትም አብሮ ተናቀ። ይህን ሳስብ ያሳዝነኛል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሁልጊዜ ይነሣል። «አቡዬ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሳና ከ60 ነብር ጋር ይኖሩ አልነበረም? ዳንኤልስ? ማዕተቤን አሥሬ፣ አቡዬን ጠርቼ ብወጣ ምን እሆናለሁ?» ጥያቄው ከእምነት የመጣ ስለሆነ በክብር እመልሳለሁ። ዳንኤል ወደ ጉድጓዱ ተጣለ እንጂ ወድዶ አልወረደም። የጻድቁም ኑሮ ለረጅም ዘመን የተጾመ ጾም ፍሬ ነው፤ ተኩላና በግ አብረው ስለሚያድሩበት፣ ኢሳይያስ ስላየው ዘመን ምስክር ነው። ያ ዘመን ገና አልደረሰም። ጌታን ዲያብሎስ ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ያነሡሃል ሲለው፣ ጌታ እግዚአብሔርን መፈታተን አይገባም ብሎ መልሶለታል። በጉማሬ ዱካ ላይ በምሽት ቆሞ አቡዬን መጥራት ያው ፈተና ነው። ጻድቁን ከቤት ሳንወጣ እንጥራቸው፤ ሰዓቱንም እንጠብቅ።

በሌላ አገርም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። በአሜሪካ ምዕራብ ፑማ የሚሉት የተራራ አንበሳ አለ፤ እሱም አብዝቶ የሚንቀሳቀሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። በየመናፈሻው መግቢያ ሰሌዳ ቆሞ መንገደኛው ብቻውን እንዳይሄድ፣ ሕፃናትን እንዳያርቅ፣ ፑማውን ካየ እንዳይሮጥ ይነግረዋል። ለጉማሬ ምክሩ ሌላ ነው፤ በእሱና በውሃው መካከል አትቁም፣ ግልገል ካየህ ራቅ። በየብስም ከሰው ይፈጥናል፤ በሰዓት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይሮጣል።

ይህን እያወቀ ዝም ያለ ሰውስ? ለዚህ ወደ ዘፀአት ምዕራፍ 21 ልሂድ። በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፣ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። በሬው አስቀድሞ ተዋጊ ከነበረ፣ ባለቤቱም ተነግሮት ካልጠበቀው፣ ፍርዱ በባለቤቱ ላይ ይመለሳል። ጉማሬ ባለቤት የለውም። ይሁን እንጂ የሚያውቅ አለ። ልጁን በጨለማ መረብ አንሣ ብሎ የሚልክ ባለ መረብ ያውቃል። ማዶ ላይ ግልገል የያዘች እንዳለች ትናንት አይቶ ለባልንጀራው ያልነገረ ጀልበኛ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ስንት ዓመት በደብራችን ዳዊት ስደግም መዝሙሩን በቃሌ ይዤው ነበር፤ ለአንድም ዓሣ አጥማጅ ሰዓቱን አላስተማርኩም። «ምን በድሎ ነው?» የሚለውን ጥያቄ በሬሳው ላይ ማንሣት ትቼ ወደ ራሴ ያዞርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህንኑ ለእናትየው ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ታናሹም ውሃ ላይ ነው» አሉኝ። ታናሹን ጠርተን ተነጋገርን። መረቡን ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጥሎ ይመለሳል፤ ጠዋት ደግሞ ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ፣ ከጓደኛው ጋር ሆኖ ያነሣል። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ በመረብ ውስጥ ሲቆይ ጥቂት እንደሚበላሽበት ነገረኝ፤ እናቱ ይበላሽ አሉ።

አሁን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ሲነገር፣ ጀልበኞቹ በሳምንቱ ያዩትን ሰብስቤ እናገራለሁ። ባለፈው እሑድ ከደብረ ማርያም ማዶ፣ ደንገሉ ከቀረበት ጥግ፣ ግልገል የያዘች አንዲት አለች ብያለሁ። እናትየው ነጠላቸውን አደግድገው ከሴቶቹ ፊት ቆመው ይሰሙ ነበር።