ቫይረስ ሕይወት ካለው ነገር በምን ይለያል?

እናቶች ሆይ!

ሊጥ አቡክታችሁ እርሾ ስትጨምሩበት፣ አድሮ ኩፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ይህ የሚሆነው በእርሾው ውስጥ በዐይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸው ረቂቅ ነገሮች ስላሉ ነው። እነርሱ ከዱቄቱ ይመገባሉ፤ ይራባሉ፤ አየርም ያወጣሉ። በዚያው ሊጥ ላይ ጨው ብትጨምሩ ግን ጨው ያው ጨው ነው፤ ስላደረ አይበዛም።

ታዲያ ኩፍኝንና ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ እንደ እርሾ ነው ወይስ እንደ ጨው? ነገሩ የልጆቻችሁን ጤና የሚመለከት ስለሆነ ትምህርቱን በጥሞና ተከታተሉ። ፊደል ያልቆጠራችሁም ብትሆኑ ተማሪው ልጃችሁ ያንብብላችሁ።

1. ሕይወት ያለው ነገር ምልክቱ ምንድነው?

ሕይወት ያለው ሁሉ፣ በሬም ይሁን ቅማል፣ ይመገባል፤ ያድጋል፤ የማይፈልገውን ከሰውነቱ ያስወግዳል፤ ዘሩንም በራሱ ጉልበት ይተካል። አካሉም ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። ባክቴርያ የሚባለው ተሐዋሲ አንድ ሕዋስ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ሕያው ነው። ስለዚህ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ፣ ሳይከደን ባደረ ወጥ ውስጥ ሌሊቱን ሲራባ ያድራል።

2. ቫይረስስ?

ቫይረስ ከባክቴርያ በጣም ያነሰ ስለሆነ በጤና ጣቢያ ባለው ተራ አጉሊ መነጽር አይታይም። ሕዋስ የለውም። ያለው ነገር ቢኖር በውስጡ የዘር ትእዛዝ፣ በውጭም መሸፈኛ ልባስ ነው። አንዳንዱ በላዩ የስብ ልባስ ይደርባል። አይበላም፤ አይተነፍስም፤ አያድግም። በወጥ ወይም በእንስራ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ እንደ ጨው ዝም ብሎ ይቆያል እንጂ አይበዛም።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ዌንደል ስታንሌይ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ የትምባሆን ቅጠል የሚያዥጎረጉረውን ቫይረስ ከታመሙ ቅጠሎች አውጥተው፣ አጣርተው፣ እንደ ጨው ቅንጣት አደረጉት። ለሚያየው ሕይወት የሌለው ነገር ነበር። ነገር ግን ያው ቅንጣት በውሃ ተበጥብጦ በጤነኛ ቅጠል ላይ ሲታሽ ቅጠሉ ታመመ። ስለዚህ ቫይረስ በሕያውና ሕያው ባልሆነ ነገር መካከል የቆመ ነው። ሊቃውንቱም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

3. ታዲያ እንዴት ይበዛል?

አንድ ክፉ እንግዳ ወደ አንዲት ባለሙያ ቤት ገባ እንበል። ምጣድ የለውም፤ ማገዶ የለውም፤ ዱቄትም የለውም። ያለው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ «ከእንግዲህ የምትጋግሪው እንጀራ ሳይሆን እኔን የሚመስል ነው» ይላታል። እርሷም ሳትወድ በገዛ ምጣዷና በገዛ ዱቄቷ እርሱን የሚመስሉ ብዙ ሌሎችን ትጋግራለች። ቤቷ ሲራቆት እነዚያ ሁሉ ወጥተው ወደየጎረቤቱ ይገባሉ።

ቫይረስም በሰውነታችን ሕዋስ ላይ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ያለ ሰው ቤት፣ ማለት ያለ ሕያው ሕዋስ፣ መብዛት አይችልም።

4. ይህን ማወቅ ለእኛ ምን ይጠቅማል?

ሀ. በቤት የተረፈ ካፕሱል ለልጅ አይሰጥም። አንቲባዮቲክ የሚባለው መድኃኒት ባክቴርያን የሚያጠፋው የባክቴርያውን ግድግዳ በማፍረስ ወይም ሥራውን በማሰናከል ነው። ቫይረስ ግን እንዲህ ያለ ግድግዳም የራሱ ሥራም ስለሌለው መድኃኒቱ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ስለዚህ ካፕሱል ጉንፋንን አያድንም፤ ኩፍኝንም አያድንም፤ በቫይረስ የመጣ ተቅማጥንም አያቆምም። ይልቁንም ሆድ ይረብሻል፤ ባክቴርያዎችም መድኃኒቱን ይለምዱትና በእውነት በሚያስፈልግበት ቀን እንቢ ይላል።

ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ጡት አይከልከል። ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ዱቄት በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውሃ በጥብጡና ቶሎ ቶሎ ስጡት።

«ኩፍኝ ሐኪም አይወድም» እያሉ ልጁን ቤት ዘግተው የሚያስተኙ አሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ኩፍኝ ሰውነትን ካደከመ በኋላ ባክቴርያ ተከትሎ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል። ይህን መለየት የጤና ሠራተኛ ሥራ ነው። የልጁን ዐይንና ሕይወት የሚጠብቀው ቫይታሚን ኤ የሚሰጠውም እዚያው ነው።

ልጁ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ጡት ከተወ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለ. መንገዱን እንዝጋበት። ቫይረስ እግር የለውም፤ የሚያደርሰው እጃችን፣ ሳላችን፣ ውሃችንና ዝንብ ነው። የስብ ልባስ ያለውን ሳሙና ልባሱን ያፈርሰዋል፤ የጉንፋንና የኩፍኝ ቫይረሶች መካከል እንዲህ ያሉ አሉ። የስብ ልባስ የሌለውን፣ እንደ ፖሊዮ ያለውን፣ ደግሞ ሳሙና ከእጅ ያላቅቀውና የሚፈስ ውሃ ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ሕፃን ካጸዳችሁ በኋላ፣ ሊጥ ከመንካትና ልጅ ከማጉረስ በፊት እጃችሁን በሳሙና እያሻችሁ በሚፈስ ውሃ ታጠቡ። ሳሙና ቢታጣ ንጹሕ አመድ ይሁን። በገበታ ሳህን ውስጥ ተራ በተራ መንከር ግን መታጠብ አይባልም።

የመጠጥ ውሃ ተንተክትኮ ይፍላ። በደጋ አገር ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል እሳት ላይ ይቆይ። ቤቱም በር ተከፍቶ ይናፈስ። የኩፍኝ ቫይረስ በሽተኛው ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት ድረስ በቤቱ አየር ውስጥ ሊቆይ ይችላልና።

ሐ. ሳይቃጠል በቅጠል። ክትባት ማለት ክፉው እንግዳ ከመምጣቱ አስቀድሞ መልኩን ለሰውነት ማሳየት ነው። ሰውነት መልኩን ካወቀው በር ላይ ይይዘዋል። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል፤ አንዱ ብቻ አይበቃም። የክትባት ካርዱን አትጣሉት።

ፈንጣጣን አያቶቻችሁ ያውቁታል፤ ስንቱን ገደለ፣ ስንቱን አሳወረ! የፈንጣጣ ቫይረስ ከሰው በቀር ሌላ ማደሪያ አልነበረውም። ክትባት በየቤቱ በሩን ሲዘጋበት መግቢያ አጣ። በአገራችን የመጨረሻው በሽተኛ በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. በባሌ ተገኘ፤ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ቤት ያላገኘ ቫይረስ መጨረሻው ይህ ነው።

ጥያቄዎች

1. ቫይረስ ባደረ ወጥ ውስጥ ይበዛል?
መልስ፦ አይበዛም። በሕያው ሕዋስ ውስጥ ብቻ ይበዛል። ባክቴርያ ግን ስለሚበዛ ወጡን ክደኑት፤ ከመብላትም በፊት አፍሉት።

2. ጉንፋን ለያዘው ልጅ ካፕሱል ይሰጠዋል?
መልስ፦ አይሰጠውም። ጡት፣ ትኩስ ፈሳሽና ዕረፍት ይሰጠዋል፤ ከላይ የተጻፉት ምልክቶች ከታዩ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።

3. ቫይረስን ከቤታችን የምንከለክለው በምንድነው?
መልስ፦ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ፣ በፈላ ውሃ፣ በመጸዳጃ ቤት፣ በንጹሕ አየር፣ ከሁሉም በላይ በክትባት።

ይህን የተረዳች እናት ለጎረቤቷም ታስረዳ፤ የአንዱ ቤት በር ክፍት ከሆነ የሁላችንም ልጅ ይታመማልና።