በገደብ የተለቀቀ ሰው በአዲስ ወንጀል ሲከሰስ፦ የገደብ መነሳትና ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት

መግቢያ

አንድ ሰው በስርቆት ጥፋተኛ ተብሎ የሁለት ዓመት ቀላል እስራት ተወሰነበት እንበል። ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ለሦስት ዓመት ገድቦ አሰናበተው። በሁለተኛው ዓመት ይኸው ሰው የአካል ጉዳት አድርሷል ተብሎ ተከሰሰ፤ ክሱን ይክዳል፤ ምስክርም ገና አልተሰማም። የተገደበው እስራት አሁኑኑ ይፈጸምበታል ወይስ የአዲሱ ክስ ውሳኔ ይጠበቃል? ቅጣቱ ወዲያው ቢፈጸምና ሰውየው ኋላ ነጻ ቢባል፣ የታሰረበትን ዘመን የሚመልስለት አይኖርም። ውሳኔው ሲጠበቅ ክሱ ቢጓተት ደግሞ የፈተናው ጊዜ ያልቃል፤ የፍርድ ቤቱም ማስጠንቀቂያ ዋጋ ያጣል። ይህ ጽሑፍ የአሜሪካንና የአውሮፓን የዳኝነት ልምድ በማነጻጸር ለኢትዮጵያ ሕግ የሚበጀውን አተረጓጎም ይመረምራል።

የገደብ ሁለት መልኮች

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ገደብን በሁለት መልክ ይደነግጋል። በአንቀጽ 191 መሠረት ፍርድ ቤቱ ጥፋተኝነቱን ካረጋገጠ በኋላ ቅጣቱን ሳይወስን ሊገድብ ይችላል። ይህ የሚፈቀደው ቀድሞ ላልተቀጣና አደገኛ መስሎ ለማይታይ ሰው፣ ወንጀሉም ቀላል ሲሆን ነው። በአንቀጽ 192 መሠረት ግን ቅጣቱ ተወስኖ የሚገደበው አፈጻጸሙ ብቻ ነው። ልዩነቱ ገደቡ በሚነሳበት ጊዜ ጎልቶ ይታያል። በመጀመሪያው መልክ ፍርድ ቤቱ ገና ቅጣት መወሰን ይጠበቅበታል፤ በሁለተኛው ግን የተወሰነው ቅጣት ወደ አፈጻጸም ይገባል። በሁለቱም ገደቡን ለማንሳት ዋነኛው ምክንያት በፈተናው ጊዜ አዲስ ወንጀል መፈጸም ነው። አከራካሪው ነጥብ «መፈጸም» የሚለው ቃል በምን ማስረጃና በየትኛው ፍርድ ቤት ይረጋገጣል የሚለው ነው።

የአሜሪካ መንገድ፦ ዝቅ ያለ የማስረጃ ሚዛን

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ሌላ ወንጀል አለመፈጸም የማንኛውም ፈተና አስገዳጅ ቅድመ ሁኔታ ነው። ቅድመ ሁኔታው ሲጣስ ፍርድ ቤቱ ተከራካሪዎችን ሰምቶ ፈተናውን ማስቀጠል ወይም ገደቡን አንስቶ እንደገና መቅጣት ይችላል። የጦር መሣሪያ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ከቅድመ ሁኔታው ውጭ ይዞ መገኘትን በመሳሰሉ ጉዳዮች ግን ማንሳቱ ግዴታ ነው።

የሥርዓቱ መሠረት የተጣለው ጋኞን በስካርፔሊ ላይ ባቀረበው ጉዳይ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ነበር። ስካርፔሊ በዊስኮንሲን በመሣሪያ በታገዘ ዝርፊያ 15 ዓመት ተፈርዶበት ቅጣቱ ተገድቦ 7 ዓመት ፈተና ተሰጠው። ብዙም ሳይቆይ ኢሊኖይ ውስጥ ቤት ሰብሮ በመግባት ተጠርጥሮ ሲያዝ፣ አንዳች ሳይሰማ ገደቡ ተነሳበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ፤ የቅድሚያና የመጨረሻ መሰማት ሊኖር እንደሚገባ፣ የጠበቃም አስፈላጊነት በየጉዳዩ እንደሚታይ ወሰነ። ሆኖም የመሰማት ሥርዓቱ እንደ ወንጀል ችሎት አይቆጠርም። ጁሪ የለም፤ ማስረጃውም ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መሆን አይጠበቅበትም። ስለዚህ በአዲሱ ክስ ነጻ የተባለ ሰው እንኳ በዚያው ድርጊት ገደቡ ሊነሳበት ይችላል።

የአውሮፓ መንገድ፦ የጥፋተኝነት ውሳኔን መጠበቅ

የጀርመን የወንጀል ሕግ በክፍል 56 (ረ) አዲስ ወንጀል መፈጸሙ ብቻውን በቂ ነው አይልም፤ ድርጊቱ ገደቡ የተመሠረተበት ተስፋ አለመሳካቱን ማሳየት አለበት። ዳኛው ተጨማሪ ግዴታ በመጣል ወይም የፈተናውን ጊዜ በማራዘም ማንሳትን ሊያስቀር ይችላል።

በ2002 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በቦመር ጉዳይ ወሳኝ ድንበር አስቀመጠ። በዚያ ጉዳይ ገደቡን ያነሳው ፍርድ ቤት ራሱ ማስረጃ ሰምቶ ሰውየው አዲሱን ወንጀል ፈጽሟል ሲል ደምድሞ ነበር፤ አዲሱ ክስ ግን በሚመለከተው ችሎት ገና አልተወሰነም። ፍርድ ቤቱ ይህ በስምምነቱ አንቀጽ 6(2) የተጠበቀውን ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት እንደጣሰ ወሰነ። በ2015 እ.ኤ.አ. በኤል ካዳ ጉዳይም፣ ኋላ በተካደ የእምነት ቃል ላይ ተመሥርቶ የተላለፈን ተመሳሳይ ውሳኔ ነቅፏል።

ለኢትዮጵያ የሚኖረው አንድምታ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20(3) የተከሰሰ ሰው በሕግ ጥፋተኛ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ሰጥቶታል። አንቀጽ 13(2) ደግሞ መሠረታዊ መብቶች ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጎሙ ያዝዛል፤ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 14(2) ያንኑ መብት ይደግማል። በዚህ መነሻ የአውሮፓው መንገድ ከኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ጋር ይበልጥ ይስማማል። ገደቡ አዲስ ወንጀል ተፈጽሟል በሚል ምክንያት የሚነሳ ከሆነ፣ ስለዚያ ወንጀል የተሰጠ የጥፋተኝነት ውሳኔ ሊቀድም ይገባል።

ይህ አቋም የሚነሳበት ጠንካራ ተቃውሞ የክስ መጓተት ነው። ለዚህ መፍትሔው ከራሱ ከአሜሪካ ሕግ ይገኛል። በዚያ ሕግ የፈተናው ጊዜ ከማለቁ በፊት መጥሪያ ወይም የመያዣ ትእዛዝ ከወጣ፣ ፍርድ ቤቱ ከዚያ በፊት በተፈጸመ ጥሰት ላይ የመወሰን ሥልጣኑ ጊዜው ካለፈ በኋላም ይቀጥላል። በኢትዮጵያም ዐቃቤ ሕግ ገደቡ ይነሳ ዘንድ አቤቱታውን በጊዜው አቅርቦ፣ ውሳኔው ግን እስከ አዲሱ ክስ ፍጻሜ ድረስ የሚቆይበት ግልጽ ድንጋጌ ቢኖር ሁለቱም ጥቅሞች ይጠበቃሉ። እስከዚያው ተከሳሹ በማረፊያ ቤት መቆየት አለመቆየቱ በዋስትና ሕግ የሚወሰን የተለየ ጥያቄ ነው።

ማጠቃለያ

በገደብ የተለቀቀ ሰው ጥፋተኝነቱ የተረጋገጠው በቀድሞው ወንጀል ብቻ ነው፤ በአዲሱ ክስ ረገድ ከማንኛውም ተከሳሽ ጋር እኩል ነው። በመግቢያው የተጠቀሰው ሰው አካል ማጉደሉ ከተረጋገጠ የሁለቱንም ጥፋት ውጤት ይሸከማል። እስኪረጋገጥ ድረስ ግን ፍርድ ቤቱ አቤቱታውን መዝግቦ መጠበቅ ይገባዋል።